አለት ያልነው

መሰርሰሪያው ሲጮህ ቆይቶ በድንገት ዝም አለና ቁልቁል ሰመጠ። ኦፕሬተሩ ማሽኑን አጥፍቶ ከጋቢናው ብቅ አለ።

"ኢንጂነር፣ አለቱ አለቀ!"

"ደግሞ አለት እንዴት ያልቃል?" አለ መሐንዲሱ። መልሱን ግን ሆዱ ቀድሞ አውቆታል።

ከጉድጓዱ የወጣው ጥቁር ጭቃ ነበር። በመዳፉ ጨመቀው፤ በጣቶቹ መሃል ሾልኮ ወጣ። የድልድዩ ሁለተኛ ምሰሶ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ አለት መኖር አለበት። የወንዙ ዳር መሬት የተደበላለቀ ነው፤ ቤት የሚያህል ቋጥኝ ጭቃ ውስጥ እንደ ድንች ተቀብሮ ይገኛል። መሰርሰሪያው ሲነካው ልክ እንደ አለት ይጮኻል። መሐንዲሱ በሬዲዮ "አለት!" ካለ ደግሞ በቃ፣ ቁፋሮው ይቆማል፣ የኮንክሪት መኪናው ይመጣል፣ ሠራተኛው ያጨበጭባል። ለመጀመሪያው፣ ለማዶው ምሰሶ "አለት!" ብሎ የጮኸው እሱ ራሱ ነበር፤ ጩኸቱን ሰምቶ፣ ትንሽ እንኳ ዘልቆ ሳያይ። ምሰሶው ይኸው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ሥራ ተቋራጩ እየሮጠ መጣ። የመሐንዲሱ የእህት ባል ነው፤ አሳድጎ ያስተማረውም እሱ ነው። ለዚህ ድልድይ ሲል የሚኖሩበትን ቤት አስይዟል።

"ይሄኛውን እናጥልቀዋ! ምን ያስጨንቃል?" አለ።

"የማዶውስ ጋሼ?"

"የማዶው ምን ሆነ?"

"እሱም ያረፈው ቋጥኝ ላይ ቢሆንስ? ጎርፍ ሥሩን ካጠበው ድልድዩ ከነሰዉ ነው የሚሄደው። ከጎኑ ሰርስረን እንየው።"

"ቢሆንስ፣ ቢሆንስ! ቆሞ የለም እንዴ?" ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሥራው ቆመ ከተባለ ባንኩ አንድ ቀን አይታገሰኝም። እህትህን ጎዳና ልታወጣት ነው? ለምኜህ አላውቅም። ዛሬ ግን በሞቴ፣ አፍህን ያዝ።"

መሐንዲሱ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ይህ ሰው ከአፉ ነጥቆ ነው ያስተማረው። እንባው መጣበት፤ በጭቃማ እጁ ሲጠርገው ፊቱ ጠቆረ።

ኦፕሬተሩ ሞተሩን አስነሳ። "እንቀጥል?"

"አይ፣ ማሽኑን አንሳው።"

"ወዴት?"

ጋሼ ክንዱን ጨምድዶ ያዘው። እሱም አላስለቀቀም፤ በሌላኛው እጁ ወደ ማዶ፣ ወደቆመው ምሰሶ አመለከተ።