ጋሻ ይዛ ከግድግዳ ጀርባ

«ጋሻ የያዘ ሰው ግድግዳ ጀርባ ይደበቃል? እስቲ አንቺው ፍረጂ» አለ ሹፌሩ፣ ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ አንገቱ ላይ እየጣለ።

«አልተደበቅኩም» አለች ታላቅ እህቱ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

«ታዲያ ቀስተኞቹን ነካ አድርጎ እግሬ አውጪኝ ማለት ምን ይባላል?»

«ኑ ብያችኋለሁ። አጠገቤ ሁኑ ብያችኋለሁ። ስንቴ ልበል?»

«ሁላችንም አንቺ ጋ ከተሸሸግን ማን ሊዋጋ ነው? ጎረቤት?»

ነርሷ ሳቀችና ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ከእሷ ቀጥሎ የተቀመጠው ቀጮ ግን አልሳቀም፤ ስክሪኑ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ የቀረውን የራሱን ሬሳ እያየ ነበር። በጌሙ ውስጥ አራቱም ሞተዋል።

በያጁ በጌም ቤቱ በር አጠገብ ካለች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሆኖ ይሰማል። የራሱን ማዳመጫ በፌስታል ይዞ ነው የመጣው። የጠራው ሹፌሩ ነው፤ «እህቴ ልብስ ስፌቱን እንጂ ጋሻውን አልቻለችበትም፤ ዛሬም ካላለፍን ቦታዋን አንተ ትይዛለህ» ብሎታል። በያጁ ለዚህ ሲል ፂሙን ተላጭቶ፣ ብልጭታ ያልበሳው ሸሚዙን ለብሷል። የድሮ ጓደኞቹ አንዱ አግብቶ፣ ሌላው ሥራ ቀይሮ ከተበተኑ ወዲህ ብቻውን ነው የሚጫወተው። ብቻውን የሚጫወት ጋሻ ያዥ ደግሞ ማንን ይከልላል? በጌሙ ውስጥ «ብረቱ» እየተባለ የተፈራ ሰው፣ ከሥራ በኋላ ባዶ ሜዳ ላይ ጋሻውን ይዞ ሲንከራተት ያመሻል።

ያስቸገራቸውን አዳራሽ ያውቀዋል። ጎራዴ የያዘ ጠላት ችግር የለውም፤ የነካውን ሰው ተከትሎ ይመጣል፣ ጋሻ ያዡም ፊት ለፊት ገትሮ ይይዘዋል። ቀስተኛና ድግምተኛ ግን ካሉበት ሆነው ይወረውራሉ እንጂ አይመጡም። ወደ አንዱ ስትሮጥ ሌላው ከሩቅ የጓደኞቿን ቁስል የምታክመውን ፈዋሽ፣ እዚህ ነርሷን፣ ይለበልባታል። በያጁ ራሱ በደህናው ዘመን ዘሎ መሃላቸው እየገባ፣ ግማሽ ጓደኞቹን እያስጨረሰ ነበር የሚያሸንፈው።

እንደገና ጀመሩ። ልብስ ሰፊዋ ተመልሶ እጇ የሚገባውን ጋሻዋን ወርውራ አንዱን ቀስተኛ መታችና ዞራ ሮጠች። በሩን አልፋ ከግድግዳው ጥግ ተለጠፈች። በያጁ መጀመሪያ ላይ እሱም «ፈሪ ናት» አለ በልቡ። ቀጥሎ ግን ወንበሩን ወደ ስክሪኗ ጎተተ። ቀስተኞቹ ደጋናቸውን እንደገተሩ የሚወረውሩበት ሰው አጡ። አንዱ ቦታውን ለቀቀ፣ ሌላውም ተከተለ፣ ረጃጅም ካባ የለበሱት ድግምተኞችም ካባቸውን እየጎተቱ ወደ ጥጉ መጡላት። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው አላየም። አንዲት ሴት ጥግ ይዛ ቆማ፣ አንድ አዳራሽ ሙሉ ጠላት በእግሩ ታስመጣለች።

ሹፌሩ ግን ገላጣው ላይ እንደቆመ መተኮስ ጀመረ። የሚመጡት ሁሉ እሱን አዩትና ባሉበት ቀጥ አሉ። ሰማይ ተደፋበት። ነርሷ ልታድነው ስትወጣ እሷም አለቀላት፤ ቀጮም አልቆየ።

«አየህ አይደል ብረቱ?» አለ ሹፌሩ። «በል ቦታውን ያዝ።»

እህቱ የላበ መዳፏን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሳች። በያጁ ሄዶ ተቀመጠ። ወንበሩ ሞቃት ነው፤ ማውሱም እጁ ላይ ልክ መጣለት። ዝም ቢል በቃ፣ ቦታው የእሱ ነው። ማንም አይጠይቀውም።

«ኑ ስትልህ ለምን አልሄድክም?» አለው ሹፌሩን።

«ማ? እኔ?»

«ቀስተኛው የሚመጣው ዒላማ ስላጣ ነው። አንተ ፊቱ ተገትረህለት እሷን ፍለጋ ለምን ይደክማል?»



«እኔም ይህንኑ ልል ነበር» አለ ቀጮ።

«አንተማ ከሞትክ በኋላ ሁሌም ትልቅ ሰው ነህ» አለችው ነርሷ።

በያጁ ከወንበሩ ተነሳ። «እኔ ሁለት ብረት በደንብ ሳይጋጠም እሳት አላስነካም። እሷም የምትለው ይህንኑ ነው። አጠገቧ ቁሙ፣ ምቱ እስክትል እጃችሁን ሰብስቡ።»

«ይቅርብህ ወንድሜ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እኔም ደክሞኛል፣ አንተው ሞክረው።»

«እኔ ማየት ነው የምፈልገው» አላት። እውነቱን ነበር።

ተቀመጠች። ወረወረች፣ መታች፣ ሮጠች። በዚህ ጊዜ አራቱም ከግድግዳው ጀርባ ተፋፍገው ቆሙ። ሹፌሩ እጁን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ ይቁነጠነጣል። ቀስተኞቹ መጡ፣ ድግምተኞቹ መጡ፣ ጥጉን ዞረው ጋሻዋ ሥር ተጠቀጠቁ። አንድ ሽማግሌ ድግምተኛ ብቻ ከወዲያ ማዶ ቀርቶ ሐምራዊ እሳት በመዳፉ እያንቀለቀለ ይደግማል። እሷ ከጥጉ ግማሽ ትከሻዋን ብቅ አደረገች፣ ጠበቀች፣ ድግምቱ ሊያልቅ ሲል ጋሻዋን አፉ ላይ ወረወረችበት። እሳቱ ጠፋ። ሽማግሌው ቃሉ ሲቋረጥበት፣ እንደማንም ተራ ሰው በእግሩ እየተጎተተ መጣ።

«አሁን ምቱ» አለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ።

በያጁ ከኋላዋ ቆሞ ትንፋሹን ውጧል። እሱ ጉልበት የሚለው ነገር ሁሉ እዚያች ቀጭን የእጅ አንጓ ላይ ተሰብስቦ፣ ያለ ጩኸት ሲሠራ አየ። ስክሪኑ ላይ የቆመ ጠላት አልቀረም።

«አንዳችሁም አልቆሰላችሁም እኮ» አለች ነርሷ። «ሥራ ፈታሁ።»

«እታለም» አለ ሹፌሩ፤ ቁጣው የት እንደገባ እንጃ። «ቀጣዩ አዳራሽ ሁለት በር አለው ይላሉ። በየትኛው እንቁም?»

«ቆይ፣ ጥጉን ልየው።»

አራቱም ወደ ስክሪኖቻቸው አጎነበሱ። በያጁ ተቀምጦባት የነበረችውን የፕላስቲክ ወንበር መተላለፊያ እንዳትዘጋ ወደ ግድግዳው አስጠጋት። ማዳመጫው ከፌስታሉ አልወጣም ነበር፤ የፌስታሉን አፍ ቋጠረና በብብቱ ያዘው።

«እኔ ሳልል ማንም እንዳይነካ» ስትል ሰማት።

ማንም አልነካም። በያጁ ወጣና በሩ እንዳይንቋቋ ከፍ አድርጎ ይዞ ከኋላው ቀስ ብሎ ሳበው።