በሙሉ ድምፅ የጠፋው በር

እስቲ ጠጋ በሉ፣ አላስረዝምባችሁም፤ የያዛችሁት ሻይ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የቀበሌያችን አዳራሽ በር በሙሉ ድምፅ ጠፋ።

የባጃጅ ሾፌሩ ይርሳው እዚያ ውስጥ ነበር። ልጁን ትርንጎን ምጥ ይዟት ወደ ጤና ጣቢያ እየወሰዳት ነው፤ “ስሜን አስመዝግቤ መጣሁ” ብሏት ባጃጁን አዳራሹ ፊት አቆመና ገባ። ሞኝ ሆኖ አይደለም። ከስብሰባ የቀረ ሰው ዘይት አይሰጠውም፤ አራስ ቤት ደግሞ ያለ ዘይት አይሆንም።

ሲገባ ሰብሳቢው አቶ ምትኩ ከወረቀት ያነባሉ። “አዳራሹ በር የለውም የሚለውን የምትደግፉ?”

ማንም ልብ ብሎ አልሰማም። እጅ ግን ተነሳ፣ የሁሉም። የይርሳውም ተነሳ፤ ስብሰባ የለመደ እጅ ነው፣ ጥያቄ አይጠብቅም።

“የሚቃወም? ድምፀ ተአቅቦ? በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።”

ይርሳው ሊወጣ ዞር ሲል በሩ የነበረበት ቦታ ግድግዳ ሆኗል። ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ነጭ የተቀባ፣ የቆየ ግድግዳ። ዳበሰው። ከውጭ የትርንጎ ማቃሰት ይሰማል።

“ሰብሳቢ፣ በሩ ይመለስልኝ። ልጄ ምጥ ላይ ናት።”

“ማርያም ትቅረባት” አሉ አቶ ምትኩ። “ግን የጸደቀ ነገር ነው። በድምፅ የሄደ በድምፅ ይመለሳል። በሩ ይመለስ የምትሉ?”

ይርሳው እጁን አነሳ። ሌላው ሰው ማን እንደሚቀድም ለማየት ዙሪያውን ያያል፤ ሁሉም ስለሚያይ ማንም አላነሳም። ጎረቤቱ እትዬ አስካለች ወደ ጆሮው ተጠጉ።

“ይርሳው፣ በልቤ ካንተ ጋ ነኝ።”

“እትዬ፣ ልብዎን ይተዉትና እጅዎን ያንሱ።”

“አንተ የራስህ ቤት አለህ። እኔ የምኖረው የቀበሌ ቤት ነው።”

ከፊትም ከኋላም “ካንተ ጋ ነን” የሚል ሹክሹክታ መጣ። እጅ አልመጣም።

“አንድ ድምፅ” አሉ ሰብሳቢው።

ወዲያው ግድግዳው ላይ የአንድ ድምፅ በር ተከፈተ። ማጠፊያም እጀታም አለው፤ ስፋቱ ግን ክንድ ብቻ ያሾልካል። ይርሳው የባጃጁን ቁልፍ ይዞ ክንዱን እስከ ትከሻው ድረስ አወጣ። “የሰው ያለህ!” ብሎ ተጣራ። መንዳት የሚችል አንድ መንገደኛ ቁልፉን ተቀበለው፤ ሞተሩ ተነሳ። ይርሳው ክንዱን ሊመልስ ሲል አንድ ላብ ያጠመቀው እጅ ጭብጥ አደረገው። ትርንጎ ናት፣ ከባጃጁ ውስጥ ተንጠራርታ።

ከኋላው አቶ ምትኩ “አጀንዳ ሁለት፣ ስለ መስኮቶቹ” አሉ። የልብስ ኮሽታ ተሰማ፤ እጆች ሲነሱ ነው። አዳራሹ ጨለመ። ሳል እንኳ የለም።

ትርንጎ እጁን ሳትለቅ፣ ምጡ ፋታ ሲሰጣት፣

“አባዬ፣ እዚያ ውስጥ ብቻህን ነህ እንዴ?” አለችው።