ውሻው ጸጥ አለ

ባሌ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ መድኃኒት ፈላጊ ነው። ፈላጊ ያልኩት አግኝቶ ስለማያውቅ ነው። ለማንኮራፋት መድኃኒት ካላገኘሁ ሞቼ እገኛለሁ እንዳለ ፀጉሩ ሸበተ።

ጣጣው የጀመረው ከራሱ አፍንጫ ነው። እሱ ሲያንኮራፋ የመስኮታችን መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ ጎረቤት ግድግዳ ይደበድባል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ በእንቅልፍ እጦት የደንበኛ እጅጌ አንገት ላይ እስከ መግጠም ደርሻለሁ። በመጨረሻ ሻንጣዬን በር ሥር አቆምኩና፣ «የምትፈልገው መድኃኒት ካልተገኘ እህቴ ጋ ነው የምገባው» አልኩት። ቀልዴን አልነበረም።

ሰው ነገሩ ቀላል ይመስለዋል። መጀመሪያ አይጥ ላይ ይሞከራል፤ አይጥ ደግሞ አያንኮራፋም። ስንት ተፈልጎ የአለቃው አክስት ውሻ ተገኘ፤ ወፍራም፣ አፍንጫው የተጨፈለቀ፣ ሲተኛ እንደ ወፍጮ የሚጮህ። አንዱ መድኃኒት አስነጠሰው። ሌላው ጭራውን እያባረረ አሽከረከረው። ሌላው ምንም አላደረገውም፤ ባሌን ያስለቀሰው እሱ ነው። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

አንድ ቀን እየሮጠ መጣ። «ውሻው ጸጥ አለ! አጠገቡ ድምፅ መቅጃ አስቀምጠን ነበር፤ እስኪነጋ ትንፍሽ አላለም።»

አቅፌ ሳምኩት። ሰው ላይ ለመሞከር ገና ስንት ምርመራ ይቀረዋል። እሱ ግን ሻንጣዬን አየት አደረገና እንክብሉን ዋጠው።

እውነትም አላንኮራፋም። አልተኛማ! የልብስ ቁልፎቼን በየቀለማቸው ለየ። ለጎረቤት ስለ ጉበት አስረዳ። በነጋታውም ዓይኑ እንደፈጠጠ ነው።

ከዚያ የአለቃው አክስት ደወሉ። «አንተ ሰውዬ፣ ውሻዬን ምን አደረግኸው? ዓይኑን መክደን ትቷል። ቁጭ ብሎ ግድግዳ ነው የሚያየው።»

«ድምፁን ሰማን እንጂ...» አለ ባሌ፤ «ዓይኑንማ ማንም አላየም፣ እትዬ።»

መሳቄ አልቀረም፤ በሆዴ ግን ፈራሁ። ሐኪም «መድኃኒቱ እስኪወጣለት ጠብቁ» አለን። የስፌት መኪናዬን ትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፊቱ ገርጥቷል። ያን ጊዜ ሻንጣውም እህቴም ትዝ አላሉኝም፤ ይህ ሰው ብቻ እንዲተኛልኝ ለመንኩ።

ከሰዓት በኋላ፣ «የሚቀጥለው ግን...» ብሎ ጀመረና ያልተጨረሰ ቀሚስ ላይ ደፋ አለ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ።

«ተመስገን» አልኩ። የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ ይባል የለ? ሻንጣውን ከፍቼ ትራሴን አወጣሁና ከራሱ ሥር አደረግሁለት።

ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ። እኔም መልሼ ደበደብኩ።