ዘጠኝ ወደ ታች

አባቷ በልጅነቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው በጥፊ የመታት። ሰርቃ ወይም ዕቃ ሰብራ አይደለም፤ ሳይገባት «ገባኝ» ብላ ነው።

ሰውየው በሥራው የውሃ መስመር ንድፍ የሚያወጣ መሐንዲስ ነበር። ነፍሱ ግን ሌላ ቦታ ነበረች፤ ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ በሚወጣው መስቀለኛ ቃላት ላይ። በስሙ አይፈርምም፤ «ቋጠሮ» ብሎ ነው የሚፈርመው። የእሱ ጥያቄዎች «የዱር ንጉሥ፣ አራት ፊደል» እንደሚሉት የሰነፍ ጥያቄዎች አይደሉም። «ጥያቄ ሁለት መንገድ ሊኖረው ይገባል» ይል ነበር። «አንዱ ትርጉሙን ይነግርሻል፣ ሌላው ፊደሎቹን ይገጣጥምልሻል። ሁለቱም አንድ ቤት ካላደረሱሽ ጥያቄው ውሸታም ነው።»

የጥፊው ቀን ያቀረበላት ጥያቄ «የወፍ ልብስ ወደ ኋላ ቢሄድ ጣራ ይደግፋል፤ ሁለት ፊደል» የሚል ነበር። አሰበች፣ አሰበችና ሰለቻት። እንደ እንቆቅልሽ ጨዋታ መስሏት «በቃ አገር ልስጥህ» አለችው።

«እኔ አገር ምን ያደርግልኛል? አስቢ!»

ውጭ ጓደኞቿ ገመድ እየዘለሉ ነው፤ እግሯ አላስቀምጥ አላት። «እሺ፣ ገባኝ» አለችው።

«እንግዲያውስ መልሰሽ አስረጂኝ።»

እዚህ ላይ ተያዘች። ከጥፊው በኋላ እሱ ራሱ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ የወፍ ልብስ ላባ መሆኑን፣ ላባ ከኋላ ሲነበብ ባላ እንደሚሆን፣ ባላም ጣራ ደግፎ እንደሚያቆም ቀስ ብሎ አሳያት። «አልገባኝም ማለት ነውር አይደለም» አላት። «ሳይገባሽ ገባኝ ማለት ግን የሚያስረዳሽን ሰው ብቻውን ጥሎ መሄድ ነው።» ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ዋሽታው አታውቅም።

አሁን ያቺ ልጅ ፀጉሯ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። መነጽር ቤት ውስጥ ዓይን ትለካለች፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ከአባቷ ጋር ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሽማግሌው ካልሲውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጣል፤ አንዳንዴ ከመኝታ ቤቱ ወጥቶ ሳሎኑ ይጠፋዋል። ሌላ ከተማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ የአረጋውያን ማረፊያ አግኝቶለት፣ በየጊዜው እየደወለ ይወተውታታል።

«ምንድነው የምትጠብቂው? ቤቱን እስኪያቃጥል ነው?»

«ጋሼ፣ በየሳምንቱ እንደዚያ ዓይነት ጥያቄ የሚያወጣ ሰው አእምሮው ሄዷል ትላለህ? እስቲ ጋዜጣውን ገዝተህ አንዱን ፍታው።»

ወንድሟ በሕይወቱ አንድም ፈትቶ ስለማያውቅ እዚህ ላይ ሁሌም ወሬ ይቀይራል። እሷም ስልኩን የምትዘጋው አሸንፋ ነው። ድፍን ቤተ ዘመድ ቢነሳባት የምትመክተው በዚያች አራት ማዕዘን ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መነጽር ቤቱ አንድ ሾፌር መጣ። ለመንጃ ፈቃዱ የዓይን ምርመራ ያስፈልገዋል። ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች እንደ ውሃ ጠጣው። እንዲህ ያሉትን ታውቃቸዋለች፤ ወረፋ ሲጠብቁ ቀረብ ብለው ይሸመድዱታል። ሰሌዳውን ገልብጣ በጀርባው ያለውን አሳየችው። ሾፌሩ ደረቱን ነፍቶ ያንኑ የፊተኛውን መልሶ አነበነበላት። ሳቋን ዋጠች፤ አንጀቷንም በላው።

እሱን ሸኝታ ሳትቀመጥ ስልኳ ጠራ። የጋዜጣው አዘጋጅ ነው።

«የአቶ ቋጠሮ ልጅ ነዎት? ኧረ እባክዎ ይድረሱልን፤ አንባቢው ቁም ስቅላችንን አሳየን። ዘጠኝ ወደ ታችን የፈታ አንድ ሰው ጠፋ!»

«እሱማ እንዲህ ነው» አለች በኩራት። «ያስለፋል።»

«እሱስ ልክ ነዎት። ግን ማብራሪያውን እስከ ሰኞ ይላኩልን። ካልሆነ ዓምዱን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው፣ አይቀየሙኝ። እስካሁን ስናወጣ የቆየነው ድሮ አከማችተው የሰጡንን ነበር፤ አለቀ። ሰው ልከን ያስመጣነው የአሁን ሥራቸው ይሄ የመጀመሪያው ነው፤ መልሱ ግን አብሮ አልነበረም።»

ድሮ አከማችተው የሚለውን ጆሮዋ ሰምቷል፤ ልቧ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ቤት ስትገባ አባቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ኮቱን አንድ ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎታል። አስተካከለችለት፤ ከጎኑ ወንበር ስባ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሳትጠይቀው በፊት ራሷ ልትሞክር ፈለገች።

«ወንድሜ ዳር ሲቆም በመሃል ኳስ ይጫወቱበታል፤ ሁለት ፊደል።» ይሄ ቀላል ነው፤ «ወንድሜ» ያለቀበትንና «ዳር» የጀመረበትን ፊደል ስታጋጥማቸው ሜዳ ይወጣል። «ጫፉን ያጣ ሜዳ ልብስ ደርቦ ብርሃን ያስገባል፤ አራት ፊደል።» ሌላው የሜዳ ስም መስክ ነው፤ ጫፉ ሲቆረጥ መስ፣ ኮት ሲደረብበት መስኮት። ሁለት መንገድ፣ አንድ ቤት። ልቧ ሞቅ አላት። ትንሽ ዝቅ ስትል ደግሞ «የወፍ ልብስ ወደ ኋላ ቢሄድ...» የሚለውን አየች፤ እንባዋ ግጥም አለ። አባዬ ያንን ቀን አልረሳውም፤ ለእኔ ብሎ ነው ያወጣት አለች።

በመጨረሻ ዘጠኝ ወደ ታች ብቻ ቀረች። «ጎረቤቴ ሳያንኳኳ ገብቶ ግማሹን ተወ፤ ሦስት ፊደል።» የመጀመሪያው ፊደል ከሜዳ የመጣው ሜ ነው፤ የመጨረሻው ከመስኮት የመጣው ኮ። መሃሉ ባዶ። ከሀ ጀምራ ፊደል ገበታውን በሙሉ መሃል ላይ አስገብታ ሞከረች፤ ሜለኮ፣ ሜሙኮ፣ ሜሪኮ እያለች። ቃል ቀርቶ ስድብ እንኳ የሚሆን ጠፋ።

«አባዬ፣ ይቺ አልገባችኝም።»

ጥያቄውን ስታነብለት የሽማግሌው ፊት በራ። ጀርባው ቀና አለ፤ ድምፁ ያ የድሮው ድምፅ ሆነ። አይ ወንድሜን አሁን ባመጣልኝ አለች በልቧ።

«እይ ልጄ፣ ሁለት መንገድ ነው ያላት። አትቸኩዪ። መጀመሪያ ጫፉን ትቆርጫለሽ።»

«የምኑን ጫፍ?»

«የመስኩን ነዋ! ከዚያ ኮት ትደርቢበታለሽ። ብርሃን ይገባል። አለቀ።»

«እሱ መስኮት ነው አባዬ። መስኮትን ፈትቻለሁ። እኔ የምልህ ጎረቤቱን ነው።»

«ጎረቤቱን» አለ፤ ጣቱን ባዶዋ ቤት ላይ አደረገ። «ጎረቤቱ ገባ። ሳያንኳኳ። ስለዚህ... ጫፉን ትቆርጫለሽ።»

የጠዋቱ ሾፌር ትዝ አላት፤ ባታስበው በወደደች። ሰሌዳውን መገልበጥ አልፈለገችም፤ እጇ ግን ለምዷል። ጋዜጣውን እያየች፣ እዚያ ያልተጻፈ፣ ጥያቄም ያልሆነ ነገር አነበበች።

«እሺ ይቺስ አባዬ? ዛሬ አውቶቡሱ ዘግይቶ መጣ።»

ጥያቄ አይደለም እንዲላት ጠበቀች። ምን ዓይነት ዝባዝንኬ ነው ብሎ ቢቆጣት፣ ደግሞ በጥፊ ቢያጮላት እንኳ ጉልበቱን ስማ ነበር የምትነሳው።

ሽማግሌው ፈገግ አለ። «ይቺ ጥሩ ናት» አለ። «ይቺን ስሠራ ብዙ ለፍቻለሁ። እይ፣ ሁለት መንገድ አላት። ጫፉን ቆርጠሽ ኮት ትደርቢበታለሽ። ወይም ደግሞ ላባውን ወደ ኋላ ትመልሺዋለሽ፤ ጣራውን ይደግፋል።»

ባላን ለእሷ ብሎ አላወጣትም። ሜዳንም፣ መስኮትንም ዛሬ አላሰባቸውም፤ ከድሮ የተረፉለት እነሱ ብቻ ናቸው። ከአሁኑ ጭንቅላቱ የወጣችው ዘጠኝ ወደ ታች ነበረች፤ እሷም መንገድ የላትም። ለአዘጋጁ የምትልከው ማብራሪያ፣ ለወንድሟም የምትመልሰው ቃል አለቀባት። በቁሙ ሳለ አባቷ ናፈቃት።

ሽማግሌው ዓይን ዓይኗን እያየ ነው፤ እንደ ድሮው፣ እስክትረዳ ድረስ ሊጠብቃት።

«ገባሽ?»

ጋዜጣውን አጠፈችው።

«ገባኝ፣ አባዬ።»

መልሰሽ አስረጂኝ እስኪላት ጠበቀች። እንዲይዛት፣ እንዲያፋጥጣት፣ ውሸታም እንዲላት ጠበቀች።

«ጎበዝ» አላት፤ ፊቱንም ወደ መስኮቱ መለሰ።