ሥራ የሌላት ወለላ

ከአሶሳ ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ አንዲት የሰፈራ መንደር (ስም የላትም፣ እንደ እህት መንደሮቿ ሁሉ ቁጥር ነው ያላት) በ1978 ዓ.ም. ጓድ ቀጄላ የሚባል ካድሬ ሕዝቡን ሊመዘግብ መጣ። ፎርሙ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ ይላል። ከወሎ የመጣው ፈንታው ተራው ሲደርስ ስለ ራሱ «ገበሬ» አለ። ስለ ሚስቱ ስለ ወለላ ሲጠየቅ ሳቀ።

«ሴት ደግሞ ምን ሥራ አላት? ቤት ነው የምትውለው።»

ቀጄላ «ሥራ የላትም» ብሎ ጻፈ። ሌሎቹም ባሎች እንደዚሁ አሉ። ወለላ ይህን አልሰማችም፤ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር።

እንግዲህ ይቺ ሥራ የሌላት ሴት ዶሮ ሲጮህ ተነስታ ማሽላ ትፈጫለች። ውሃ ትቀዳለች። ደወል ሲመታ ከወንዶቹ እኩል የገበሬ ማኅበሩን እርሻ ታርማለች። ማታ ወንዶቹ ደክሟቸው ሲጋደሙ እንጨት ለቀማ ትወጣለች። በተረፈው ጊዜ ቤት ትውላለች፤ ከተረፈ።

ከሁሉ የምትጠላው ወፍጮውን ነው። አምና የአምስት ወር እርጉዝ ሆና ድንጋዩ ላይ እንደተደፋች አስወረዳት። በሦስተኛው ቀን ተነስታ ፈጨች፤ ማን ይፍጭላት?

ጥቅምት ላይ ቀጄላ ሕዝቡን መንደሩ መሃል ያለው ማንጎ ዛፍ ሥር ሰበሰበ።

«ለመንደራችን የናፍጣ ወፍጮ ተፈቅዷል። የሚያንቀሳቅሰው አንድ ሰው አሶሳ ሄዶ ሦስት ወር ይሠለጥናል። ከዚያ ደመወዝተኛ ይሆናል።»

ወንዶቹ በሙሉ እጃቸውን አወጡ። ፈንታውማ ሁለቱንም።

«አውርዱ» አለ ቀጄላ መዝገቡን ገልጦ። «መመሪያው ሥራ ከሌላቸው ይመረጥ ነው የሚለው። እናንተ ገበሬዎች ናችሁ። ሥራ የሌላቸው...» ጣቱን ቁልቁል አወረደ። «ሴቶቹ በሙሉ።»

ከኋላ ወለላ ተነሳች።

«እኔ እሄዳለሁ።»

ፈንታው ዘሎ ቆመ። «ኧረ በሕግ! እሷ ከሄደች የቤቱን ሥራ ማን ሊሠራው ነው?»

«ምኑን?» አለ ቀጄላ።

«የቤቱን ሥራ ነዋ!»

ቀጄላ ቀልድ አያውቅም። እስክሪብቶውን አወጣ። «ሥራ ካላት ይታረማል፣ እሷም ትቀራለች። በል ንገረኝ፣ ልጻፈው። ምን ትሠራለች?»

ወለላ ባሏን አየችው። አንዲት ቃል ካመለጠችው ወደ ድንጋዩ መመለሷ ነው።

ፈንታው አፉን ከፈተ። ዙሪያውን ቢያይ ወንዶቹ አፍጥጠውበታል። ትፈጫለች ቢል ውሃው ይከተላል፤ ውሃውን ቢል አረሙ፣ አረሙን ቢል እንጨቱ። ከዚያማ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «አንተስ?» መባል አለ። የወንድ ነገር መቼም፣ ከዚህ ሞቱን ይመርጣል።

«ምንም» ብሎ ተቀመጠ። «ሥራስ የላትም።»

ባሚያ ልትሸጥ ከጎረቤት መንደር የመጣችው የአገሬው የበርታ ሴት ሰዕዲያ ሁለት ቅርጫት ግራና ቀኝ ያንጠለጠለችበትን የትከሻ እንጨት አውርዳ ስትሰማ ቆይታ ነበር። «ወላሂ» አለች፣ «ወንድ እኛ አገርም እንደዚህ ነው።»

በሳልስቱ ጎህ ሲቀድ የማኅበሩ ትራክተር ወለላን ተጎታቹ ላይ ጭኖ ወደ አሶሳ ተነሳ። ወንዙ አጠገብ ሲደርሱ አንድ ሰው እያለከለከ ዳገቱን ይወጣል። ከሰዕዲያ የተዋሰውን እንጨት ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሏል። የፈሰሰው ውሃ ሱሪውን አበስብሶታል። ፂሙ ላይ የማሽላ ዱቄት አለ። ወለላን አሳዘናት። ደስም አላት፣ ምን ይደበቃል።

ሹፌሩ ትራክተሩን ዝግ አደረገ።

«ፈንታው! በዚህ ማለዳ ምን እየሠራህ ነው?»

ፈንታው ቀና ብሎ ሚስቱን ሳያይ አለፈ።

«ምንም» አለ።