ያልጠገገው ቁስል

ቁስሉን ያየችው እንዲያው በአጋጣሚ ነው። ታላቅ ወንድሟ አናጺ ነው፤ ልትጠይቀው ወርክሾፑ ስትደርስ ጓንት አድርጎ በር ሲልግ አገኘችው። ዕድሜ ልኩን በባዶ እጁ የሠራ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ጓንት ከመቼ ወዲህ ነው?»

«እርጅና ነዋ፤ እጄን ይበርደኛል» አላት ቀና ሳይል።

በዋዛ አልተወችውም። ጓንቱን ስትስበው ፊቱን አጨማደደ። አውራ ጣቱ ሥር መሮ የሰነጠቀው ቁስል አፉን እንደከፈተ ቀርቷል፤ ዙሪያው ግርጥት ብሏል፣ አንዱ ጥግ መግል ቋጥሯል።

«መቼ ነው የቆረጠህ?»

«ያለፈው ወር መሰለኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለሐኪሜ እንዳትነግሪ።»

ነገሩ ወዲያው ገባት። ወንድሟ ጉበቱ ላይ ላለው ዕጢ በመርፌ መድኃኒት ይወስዳል፤ ዕጢውም እየሟሸሸ መጥቶ ነበር። እሷ ላቦራቶሪ ውስጥ የምታጠናው ደግሞ ይህንኑ ነው። ዕጢ ብቻውን አይፋፋም፤ በዙሪያው ያሉት ጤነኛ ሕዋሳት ያግዙታል። ቁስል ያለ መስሏቸው አዲስ የደም ሥር እንዲበቅል ምልክት ይሰዳሉ፤ የደም ሥሩ ሲመጣለት ዕጢው ምግብና አየር አግኝቶ ያድጋል። መድኃኒቱ ያንን ምልክት ያፍናል። የእውነተኛውን ቁስል ምልክትም ግን አብሮ ያፍናል።

«እጅህ ያልዳነው በመድኃኒቱ ነው፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። አንቺው አይደለሽ ያስረዳሽኝ?» መላጊያውን አስቀመጠ። «ሐኪሟ ከሰማች መድኃኒቱን ታቆምብኛለች። ያን ጊዜ ውስጤ የተኛው ይነሳል። አንድ እጅ ቢቀር ሌላ አለኝ።»

«አመርቅዞ ደምህ ውስጥ ከገባ የሚቀረው እጅ ብቻ አይደለም።»

«ሚጡ፣ በናትሽ ተይኝ።» ፀጉሯ ሸብቶም ሚጡ ነው የሚላት።

በማግስቱ ከላቦራቶሪው ኮሪደር ለወንድሟ ሐኪም ደወለች። መድኃኒቱ በዚያው ቀን ቆመ። ማን እንደተናገረ ለማወቅ ወንድሟ መጠየቅ አላስፈለገውም።

«አሳልፈሽ ሰጠሽኝ» አላት በስልክ። ከዚያ በኋላ ስትደውል የምታነሳው ሚስቱ ሆነች።

እህቱም ሥራዋ አስጠላት። ማይክሮስኮፑ ላይ ባጎነበሰች ቁጥር፣ ዕጢን ከበው የደም ሥር የሚጠሩት ሕዋሳት የወንድሟ እየመሰሏት ዓይኗን ታነሳለች። ክፋት የለባቸውም፤ የተፈጠሩበትን ሥራ ነው የሚሠሩት። ይህ ነው ይበልጥ ያስጨነቃት።

ቁስሉ እየቀላ፣ ሥጋ እየሞላ መጣ፤ ቆይቶም ገጠመ። ያኔ ጉበቱ እንደገና ተመረመረ። ዕጢው አድጎ ነበር።

«መድኃኒቱን እንቀጥላለን» አለች ሐኪሟ፣ እህትና ወንድም ፊቷ ተቀምጠው። «እንደበፊቱ ይሥራ አይሥራ ግን አሁን ልነግራችሁ አልችልም።»

ከክፍሉ ሲወጡ ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ቆም አለ።

«ባትነግሪያትስ ኖሮ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ። እጅህ ይገድልህ ነበር ብዬ ነው የፈራሁት። አሁን ደግሞ ይሄን እፈራለሁ።»

«ተናድጄብሻለሁ፤ እስካሁንም አልወጣልኝም።»

«ይገባኛል።»

መድኃኒት ወደሚሰጥበት ክፍል ገብቶ ተቀመጠና ክንዱን ለነርሷ ዘረጋ። እህቱ ልግባ አልግባ እያለች በሩ ላይ ቀረች። እሱ ወደ እሷ ሳያይ፣ አጠገቡ ካለው ወንበር ላይ ኮቱን አነሳላት።