የረቡዕ አረፋ

ወሰንየለሽ የእንቁላሉን ነጭ በሹካ ስትመታ ክንዷ ዛለ። ሰባት ወር የገፋው ሆዷ ጠረጴዛው ጋ አላስጠጋ ብሏታል።

"አረፋ እስኪሆን ምቺው" አላት ባሏ አምባው፣ ሎሚ እየጨመቀ። መምህር ከመሆኑ በፊት ድሬዳዋ ሆቴል ቤት ሲያስተናግድ የለመደው መጠጥ ነው፤ ውስኪ፣ ሎሚ፣ ስኳር፣ ከላይ የእንቁላል አረፋ።

"ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው። እንግዳው ቢጾሙስ?"

"ውስኪ የሚወድ ሰው ረቡዕን ያውቃል ብለሽ ነው?"

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ አምባው ደግሞ ቢቸግረው ኮክቴል ሠራ። ከሐረር የመጡት የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክተር አቶ ኃይለየሱስ ወደ መቻራ ሊያዛውሩት ነው። አምና ወሰንየለሽ በዚያ መንገድ በጭነት መኪና ስትንገላታ የመጀመሪያው ፅንስ ወርዶባታል። አሁን መቻራ የሚል ቃል ስትሰማ ሆዷን ትይዛለች። የሰውዬው አንድ ቃል ዝውውሩን ያስቀረዋል።

ያገኟት ሩብ ጠርሙስ ውስኪ በአንድ ብርጭቆ አለቀች።

እንግዳው ዘጠኝ ሰዓት አልፎ መጡ። "ወጡ ቅቤ ካለው አትድከሚ ልጄ" አሉ ገና ሳይቀመጡ። "እናቴ ከሞተች ወዲህ ረቡዕና ዓርብን ሽሬ አላውቅም። መጠጥ ግን አልጠላም፤ ሰዓቱም ደርሷል!"

ወሰንየለሽ ደነገጠች። አምባው ክንዷን ይዞ ወደ ጓዳ ወሰዳት።

"ሳያውቁ የቀመሱት ጾም አያስገድፍም" አላት በሹክሹክታ።

"እኔስ ሳላውቅ ነው የማጠጣቸው?"

"መቻራን አስቢ!" ብሏት ብርጭቆውን ይዞ ወጣ።

አቶ ኃይለየሱስ አረፋውን አይተው ፊታቸው በራ። "ይኼን አሰበ ተፈሪ ላይ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም። እንዲህ ያለውን ባለሙያ መቻራ መላክማ ማባከን ነው!"

ወሰንየለሽ በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች። ዝም ብትል ልጇ እዚሁ ይወለዳል። ብርጭቆው ከንፈራቸው ጋ ሲደርስ ግን አላስቻላትም።

"እንዳይቀምሱት! አረፋው እንቁላል ነው!"

እንግዳው ብርጭቆውን አስቀመጡና ወደ አምባው ዞሩ።

"ታውቅ ነበር?"

አምባው ወለሉን አየ። እንዲያ ሆኖ ስታየው አዘነችለት፣ ተናደደችበትም።

"እሱ አያውቅም" አለች። "እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

ብርጭቆውን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። መጠጡን ደፋችው። ከዚያ የመቻራን መንገድ እያሰበች ከሳጥኑ መቀነቷን አወጣች። አምና መኪናው ላይ አንድ ዙር ብቻ ነበር የታጠቀችው፤ አሁን ሁለት ዙር ይደርስ እንደሆነ ሆዷ ላይ ለካችው።